የማር ጋኖቹ ቦታ

«እትዬ ሀጂራ፣ ቢያድሱት ይከሰሳሉ፤ ቢወድቅብዎትም ይከሰሳሉ። ሕጉ እንደዚያ ነው የሚለው።»

ነቢዩ ይህን ያለው በክፋት አልነበረም። ከደብረ ታቦር ተመድቦ ቦንጋ ከመጣ ገና ዓመት ያልሞላው፣ ታሪክ ተምሮ የቅርስ ባለሙያ የሆነ፣ ክረምት ከበጋ አንዲት ሹራብ የማያወልቅ ልጅ ነው። ችግሩ የቢሮው በር ነው። እርጥበት አሳብጦት አልዘጋ ካለ ቆይቷል፤ ስለዚህ ውስጥ የተነገረ ሁሉ ኮሪደሩ ላይ ለተኮለኮለው ባለጉዳይ ይደርሳል። ለግብር የመጣ፣ ለካርታ የመጣ፣ ለምን እንደመጣ ራሱ የረሳ፣ ሁሉም ሰማ። አንዱ ግድግዳውን ተደግፎ፣ «ታዲያ ምን ታድርግ? ተሸክማው ትቁም?» አለ። የተነሣው ሳቅ ቢታ ገነት ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ሀጂራም አብራ ፈገግ አለች። ሰውየው ቀልድ መስሎት የተናገረው እውነቱን እንደሆነ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ተሸክማው ነው የቆመችው።

ያን ቤት ያላየ ቦንጋን አይቻለሁ ባይል ይሻለዋል። አባቷ ሐጂ ሸምሱ ከስልጤ አገር በበቅሎ መጥተው፣ ዝባድ ነግደው፣ ማርና ቆዳ ነግደው፣ ከገበያው በላይ ያቆሙት ፎቅ ነው። ታችኛው ድንጋይ፣ ላይኛው እንጨትና ጭቃ፣ ዙሪያውን ሰገነት የከበበው። የዋንዛ ምሰሶዎቹ ከጫካ ሲጎተቱ ግማሹ አገር ከፊት ሆኖ ሲስብ፣ ግማሹ ከኋላ ሆኖ ሲዘፍን ነበር ይባላል። ሚስማሩ ብቻውን በመርከብ ባሕር አቋርጦ መጣ። ሰገነቱ ላይ የወጣ ሰው ዐይኑ ደህና ከሆነ ጅማ ላይ ማን ሻይ እንደሚጠጣ፣ ስንት ማንኪያ ስኳር እንደጨመረ ሳይቀር ይለያል። ምን አለፋችሁ፣ ቤት ነበር። ዛሬም ቤት ነው፤ ጣሪያውን ካልቆጠሩት።

የቦንጋ ዝናብ ደግሞ እንደ ሌላ አገር ዝናብ ደርሶ የሚመለስ እንግዳ አይደለም፤ ቤተሰብ ነው፤ ሳያንኳኳ ይገባል። ሀጂራ ቤት የሚገባበትን መንገድ ሁሉ ታውቀዋለች። ሳሎኑ መሃል ለሚወርደው ትልቁን ሰማያዊ ሳፋ መድባለታለች፤ ጎጀብ ወንዝ ሲሞላ ከዚያ ሳፋ ተበድሮ ነው ቢባል የሚጠራጠር የለም። ከአባቷ አልጋ ራስጌ የእናቷ የሠርግ ድስት አለ። ከደረጃው አናት ባልዲ፣ ከመስኮቱ ሥር የዘይት ጣሳ፣ ከቁም ሣጥኑ አጠገብ አንገቱን የተቆረጠ ጄሪካን። ዝናብ ሲጀምር መጀመሪያ ጣሳው ይናገራል፣ ቀጥሎ ድስቱ ይመልሳል፣ ሳፋው መጨረሻ ላይ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ ይገባል። እሷ ትደፋለች፣ ትመልሳለች፣ ትደፋለች። አንድ ሌሊት ሌላ ቤት ብታድር ውሃው ሞልቶ ጣውላው ላይ ይተኛል፤ ጣውላው በስብሶ ከታች ወዳለው ሱቅ ይወርዳል። ሱቁን የተከራየው ልብስ ሰፊ ሄዷል፤ ምክንያቱን ሲጠየቅ «አየሩ አልተስማማኝም» አለ እንጂ ጣሪያውን አላማም። እናቷ ከሞተች ወዲህ ሀጂራ ከከተማው ወጥታ አታውቅም። ዘመድ ሁሉ ቤት ወዳድ ናት ይላታል።

እዚህ ላይ ያደረሳት ግን የራሷ እጅ ነው። ባለፈው ዓመት ከነቢዩ በፊት የነበረው ባለሙያ ቤቱን አይቶ እንዲመዘግብ ሲመጣ፣ ሀጂራ እንግዳ ሊመጣ ነው ብላ ሳፋውን አልጋ ሥር ከተተች፣ ድስቱን ወልውላ ሰቀለች፣ የወዛውን ግድግዳ በስጋጃ ጋረደች። አብልታ አጠጥታ፣ እስከ በር ሸኘችው። የሐጂ ሸምሱ ልጅ ዝናብ በጣሳ ስትቀበል ማን ይያት! ሰውየው ጠግቦ ሄዶ «በጥሩ ሁኔታ ላይ የሚገኝ፣ ጥገና የማያስፈልገው» ብሎ ጻፈ። ቤቱ ቅርስ ሆነ። ቅርስ በሆነ በወሩ፣ ከራሷ ጥሪት ቆርቆሮ ገዝታ አናጢ ጣሪያ ላይ ብታወጣ ደንብ አስከባሪዎች መጥተው አናጢውን ከነመዶሻው አወረዱት። ጎረቤት ተሰብስቦ በደቦ ግድግዳውን እንምረግላት ቢልም ጭቃው ሳይረገጥ ተከለከለ። ቆርቆሮው ዛሬም ከጓሮ ተደርድሯል፤ ዶሮዎች እንቁላል ይጥሉበታል። ዋጋው ከተገዛ ወዲህ እጥፍ ሆኗል፤ በቦንጋ ከነዚያ ዶሮዎች የበለጠ ውድ ቤት የሚኖር የለም።

«የዚህ ዓመት የጥገና ዝርዝር ዛሬ ማታ ነው ወደ ክልል የሚላከው» አለ ነቢዩ፣ ድምፁን ለኮሪደሩ ሲል ዝቅ አድርጎ። «ከሰዓት መጥቼ አያለሁ። ግን እትዬ ሀጂራ፣ እኔ የምጽፈው ዐይኔ ያየውን ነው። ያለፈው ሪፖርት ደህና ነው ይላል። የሚያፈስ ከሆነ ሲያፈስ፣ ወይም ያፈሰሰውን ማየት አለብኝ።»

«ታያለህ ልጄ። ዛሬ ሁሉንም ታያለህ።»

እየወጣች ለራሷ ማለች። ሌሊቱን ሲወርድ ነው ያደረው፤ ሳፋው እስከ አፉ ሞልቷል፤ አንዱንም አልደፋችም። ይሉኝታ የሚባለውን ነገር ዛሬ ከደጅ አስቀምጣው ትገባለች። ገበያውን ስታቋርጥ ከቤቷ ፊት ለፊት ሱቅ ያላት አበዛሽ ከባንኮኒዋ ላይ ተንጠልጥላ፣ «እህሳ ሀጂራ፣ መንግሥት ጣሪያሽን ሰጠሽ ወይስ ሰማዩን ተረከቢ አለሽ?» ስትላት እንኳ ሳቋ ከልቧ ነበር። ስልኳ የጮኸው ያኔ ነው።

«ሀጂርዬ! ጎጀብን ተሻግሬያለሁ። ምሳ አብረን ነን።»

ታላቅ ወንድሟ ሙራድ ነው። ጅማ ጨርቅ ይነግዳል፤ ለእናታቸው ለቅሶ ከመጣ ወዲህ የቤቱን ደረጃ አልረገጠም። ሁለት ሰዓት ተኩል የማይሞላ መንገድ ነው፤ ግን አንዳንድ ቤተሰብ መሃል ያለው መንገድ በመኪና አይለካም። በየኢዱ ይደውላል። «ቤቱ እንዴት ነው?» ይላል። «አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነው» ትላለች። ከዚያ ወዲያ የሚባል ነገር ይጠፋና ስለ ዝናብ ያወራሉ፣ ከውጭ ስላለው ዝናብ። ሀጂራ ስልኩን ዘግታ ገበያ መሃል ቆመች። ደስታና ድንጋጤ እኩል መጡባት። ሥጋ ገዛች፤ ኪሎው ሺህ ብር ሊገባ ትንሽ ቀርቶታል፤ ሥጋ ሻጩ ከነክብሩ ነው የሚመዝነው። ቤት ስትገባ እጇ በልማድ ወደ ሳፋው ሄደ። አነሣችው፤ ውሃው ወዲያና ወዲህ አለ። መልሳ አስቀመጠችው። ዛሬ አይሆንም።

ሙራድ ኮቱን ለብሶ፣ ጺሙን ሂና ቀብቶ፣ ደረጃውን እያንቋቋ ወጣ። ተሳሳሙ፤ ትከሻዋን ሲይዝ ቀጥናለች መሰለኝ የሚል ፊት አሳየ፤ አላለም። በሩ ላይ ቆሞ ሳሎኑን አየ። ሳፋውን አየ፣ ባልዲውን አየ፣ ጣሳውን አየ። ከዚያ ፈገግ ብሎ፣ «ጽዳት ላይ ነሽ መሰለኝ?» አለ።

ሀጂራ አፏን ከፈተች። ይህ ሰው ለዓመታት ደህና ነው ስትለው የኖረችው ወንድሟ ነው። ከመንገድ የገባ ነው፤ ገና አልተቀመጠም።

«አዎ» አለች።

ለዙሁር ሲሰግድ በሳፋውና በጄሪካኑ መሃል ደረቅ ቦታ ፈልጋ ምንጣፍ ዘረጋችለት። ከዚያ ቆጮና ክትፎ በሉ። እሱ ስለ ጅማ መንገድ፣ ስለ ጨርቅ ዋጋ፣ ከሱቁ ፊት ስለተሠራው ትልቅ ሕንጻ አወራ። ሱቁን ከዚያ ሕንጻ ጀርባ ወዳለ አንድ ቀዳዳ እንዳዛወረ የሰማችው ከሌላ ሰው ነበር፤ እሱ አላነሣውም፤ እሷም አልጠየቀችም። ሐጂ ሸምሱ ከፍሬም ውስጥ ሁለቱንም ያዩ ነበር። ቡናውን ሲጠጣ ነው፣ ዐይኑን ስኒው ላይ አድርጎ፣ የመጣበትን ያወጣው።

«ፈርዶስ ልትዳር ነው። ኒካው ቅዳሜ ነው።»

«የትኛው ቅዳሜ?»

«ይሄ የሚመጣው። በአጭሩ ነው ያደረግነው፤ ድግስም የለው። አንቺ መቼም ቤቱን ጥለሽ አትመጪም ብለን ነው…»

«እውነት ነው» አለች ሀጂራ። «አልመጣም።» እውነትም አትመጣም ነበር፤ ቅዳሜ ቢዘንብስ? የወንድሟን ልጅ ፈርዶስን ግን ጥርስ ሳታወጣ አዝላታለች። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ «አላህ ያሳምርላት» አለች።

«የልጁ ቤተሰቦች ትልልቅ ሰዎች ናቸው» አለ ሙራድ፣ ኮቱን እያስተካከለ። «ከየት ናችሁ ሲሉኝ የአባባን ቤት ነገርኳቸው። ባለ ፎቅ፣ መንግሥት በቅርስነት የያዘው! እስቲ ፎቶውን አሉኝ። ሳሎኑን ከነአባባ ምስል፣ ሰገነቱን… ላነሣ ነው የመጣሁት። ላይሽም ነው እንጂ፣ ወላሂ።»

ሀጂራ ሰዓቷን አየች። ነቢዩ የቤቱን ቅያስ ስለማያውቀው ከቢሮ መጥተው ይውሰዱኝ ብሏታል። «ሰው ልጠራ ነው፣ ጋሼ፤ ከመስሪያ ቤት ቤቱን ሊያይ የሚመጣ። አሁን እመለሳለሁ፤ አረፍ በል» ብላ ነጠላዋን አንሥታ ወጣች። ለምን እንደሚያየው አልነገረችውም። ደረጃው ላይ ልመለስና ልንገረው ብላ ቆም አለች፤ ግን ያን ለመንገር ከመጀመሪያው መጀመር ነበረባት፤ የብዙ ዓመት ደህና ነውን አንድ በአንድ መልሶ መውሰድ ነበረባት። ለዚያ ጊዜ የለም። ሲያየው ያየዋል አለች።

ሰማዩ ያን ዕለት የሠራውን ሥራ ጠላት አይሠራም። ጠዋት ማታ ዝናብ የሚያከፋፍለው የቦንጋ ሰማይ፣ ነቢዩና ሀጂራ ጭቃውን እየዘለሉ ሲመጡ እንደ ታጠበ ብርጭቆ ጠርቶ፣ ፀሐዩ ማንኪራ ጫካ ላይ እንደ ቅቤ ቀልጦ ይታይ ነበር። «ቢዘንብ ጥሩ ነበር» አለ ነቢዩ። «ግድ የለም» አለች እሷ፤ «ያደረው አለ።»

በሩን ስትከፍት መጀመሪያ የመጣው ሽታ ነው፤ የሳሙና ሽታ። ወለሉ ተወልውሎ፣ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቶ፣ ጣውላው በፀሐይ ሊደርቅ ትንሽ ቀርቶታል። ግድግዳው ላይ ስጋጃው ተሰቅሏል፤ እሷ ራሷ ባለፈው ዓመት የሰቀለችበት ቦታ፣ በዚያው ሚስማር። ሳፋ የለም፤ ባልዲ የለም፤ ጣሳ የለም። ሙራድ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ግንባሩ ወዝቶ፣ እንደ ልጅነቱ ደስ ብሎት መሃል ቆሟል። የራሱ ሥራ አልቆለት የማያውቀው ወንድሟ፣ ከተወለደ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የእሷን ሥራ አግዟታል።

«ጨረስኩልሽ!» አለ። ከዚያ ነቢዩን ሲያይ እጅጌውን አውርዶ ሐጂ ሸምሱን መሰለ። «ግባ ልጄ፣ ግባ። ይህ የሐጂ ሸምሱ ቤት ነው።»

ነቢዩ ወደ ጣሪያው አንጋጠጠ። ጣውላው በዕድሜ ጠቁሯል፤ ውሃ ይሁን ጭስ አይለይም። ወረቀቱን አወጣ። «ያፈስሳል ተብሎ…»

«ማን? ይሄ ቤት?» ሙራድ ሳቀ። «ይሄ ቤት ከተሠራ ጀምሮ ጠብታ አልገባበትም። ያኔ ታላቁ ዝናብ የመጣ ጊዜ፣ ከዚህ እስከ ደካ ያለ ሰው በሙሉ እዚህ ሳሎን ውስጥ ነው የተጠለለው፤ ከነከብቱ! አባባ ላሞቹን ደረጃ ያወጧቸው እያባበሉ ነበር።»

«ጋሼ፣ የሚያፈስበት ቦታ አለ» አለች ሀጂራ። ድምፁ ከእሷ መውጣቱን ራሷም አልሰማችውም ማለት ይቻላል።

ሙራድ ወደ ነቢዩ ዘወር ብሎ ዐይኑን ጠቀሰ። «ብቻዋን ስለምትኖር ነው። ብቻውን የሚኖር ሰው ነፋስም ሲነፍስ ዝናብ ይመስለዋል። እኛ ከመንግሥት ሳንለምን ነው እዚህ የደረስነው፤ ቤቱ ምንም አልጎደለውም።»

ፊቱ ላይ ያለውን ሀጂራ ብቻ አየችው። ትልልቆቹ አማቾች፣ ከሕንጻ ጀርባ ያለው ቀዳዳ ሱቅ፣ ሁሉም እዚያ ፊት ላይ ነበሩ። ይህ ቤት ካፈሰሰ ሙራድ ምን ይቀረዋል? አሁን «ይዋሻል» ብትል፣ ታላቅ ወንድሟን፣ እንግዳዋን፣ በሰው ፊት ነው ልብሱን የምትገፈው። ጣሪያው ከበላይዋ፣ ወንድሟ ከፊቷ። ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ግድግዳው ጠጋ አለች።

ነቢዩ ግን ዐይኑ ወለሉ ላይ ወድቆ ነበር። ተንበረከከ። ጣውላው ላይ፣ ሳሎኑ መሃል፣ ሰፊ ነጣ ያለ ክብ አለ፤ ከወዲያ ሌላ ትንሽ፤ ከመስኮቱ ሥር ሌላ። በጣቱ ዙሪያውን ተከተለው። «ይሄ ምንድን ነው?»

ሀጂራ አንድ እርምጃ ቀረበች። ቤቱ ራሱ ሊናገርላት ነው።

ሙራድም ጎንበስ ብሎ አየ። ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ሐጂ ሸምሱ የወለዱት ሰው ግን አላውቅም ማለትን አልተማረም። «ይሄማ» አለ፤ «የማር ጋኖቹ ቦታ ነው።»

«የማር ጋን?»

«የአባባ ማር! የጫካ ማር! ከየመንደሩ እየመጣ እዚህ ነበር የሚቀመጠው፤ አንዱን ጋን ለማንሣት አራት ጎረምሳ፣ ለመቅመስ ደግሞ ወረፋ። ከዚህ ቤት የወጣ ማር በጠረኑ ብቻ ንብ ከጎሬ ይጠራ ነበር። ይኸው፣ ጋኖቹ እንጨቱን አውዝተው ምልክታቸውን ትተዋል።»

የነቢዩ ዐይን በራ። ከመጣ ጀምሮ ያየው የተዘጋ በርና የጠፋ ማኅደር ነው፤ በየማታው ከተከራያት አንድ ክፍል ሆኖ ያነበበው ታሪክ ሁሉ ሌላ አገር ነው የሆነው። አሁን ታሪክ እጁ ሥር አለ። ፎቶ አነሣ፣ ለካ፣ ጻፈ፣ እንደገና አነሣ። ከቦርሳው ቀይና ነጭ ፕላስቲክ ሪባን አውጥቶ በየወንበሩ እግር እያሰረ ክቦቹን ከበባቸው።

«እትዬ ሀጂራ፣ ከዛሬ ጀምሮ እነዚህ ላይ ምንም ነገር እንዳይቀመጥ። ምንም! በሕግ የተጠበቁ ናቸው።»

እስከ ደረጃው ሸኘችው። ሰገነቱ ላይ ክንዱን ያዘችው፤ ዞር አለ፤ ደስታው ከፊቱ አልወረደም። «እንደዚህ ያለ ነገር አግኝቼ አላውቅም» አላት። «ለእናቴ ነው ዛሬ የምደውለው።» ከኋላዋ ሙራድ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ክንዱን ለቀቀችው።

«ጥገናውን ‹አያስፈልግም› አልኩት» አለ ነቢዩ፣ እየወረደ። «ወንድምዎ እንዳሉት፣ ደህና ነው ቤቱ።»

ሙራድ ፎቶዎቹን አነሣ፤ ሳሎኑን፣ ሰገነቱን፣ ሐጂ ሸምሱን። ሪባኑ ሲገባበት ይበልጥ ደስ አለው። እሷን ግን አላነሣትም፤ እሷም ከስልኩ ፊት ዞር ዞር አለችለት። «ምን ሆነሻል?» አላት አንዴ። «ምንም» አለች። የመጨረሻው ሚኒባስ ሳያመልጠው ሸኘችው፤ አበዛሽ ከባንኮኒዋ፣ «ወንድምሽ ሲያምር! የቅርስ ልጅ መሆን ያምራል!» አለች። ሀጂራ ሳቀችላት። ወደ ቤት ስትመለስ ሰማዩ ከጫካው በኩል መጥቆር ጀምሮ ነበር።

የጀመረው ለመግሪብ ሰግዳ ስታበቃ ነው። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ቦንጋ እንደሚያውቀው። ጣውላው ላይ የመጀመሪያው ጠብታ ሲወድቅ ሀጂራ ሳሎኑ መሃል ቆማ ሪባኑን አየች። ብትተወው ወለሉ ይበሰብሳል፤ ትከሰሳለች። ብታስቀምጥበት የማር ጋኖቹን ቦታ ደፍራለች፤ ትከሰሳለች። ከዚያ አልጋ ሥር ገብታ ሳፋውን ጎትታ አወጣች። ሪባኑን ከፍ አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ ገባች፤ ሳፋውን ስታሳርፈው ክቡ ላይ ልክክ አለ። ድስቱም። ጣሳውም። ሁሉም ቦታቸውን ያውቁ ነበር። ስጋጃውን ግን አላወረደችውም፤ ያገዛት የወንድሟ እጅ ነበረበት።

ስልኳ ጮኸ።

«ሀጂርዬ፣ ጅማ ገባሁ! ፎቶውን ላክሁላቸው። ምን አሉ መሰለሽ? ‹ይሄ መኖሪያ ነው ወይስ ቤተ መንግሥት?› አሉ።»

«ደስ ይላል።»

«እኛ ጋ እየዘነበ ነው። እናንተ ጋስ?»

«አዎ፣ ከውጭ።»

እንደ ወትሮው የሚባል ነገር ጠፋ። ቤቱ ግን ዝም አላለም፤ ጣሳው ተናገረ፣ ድስቱ መለሰለት፣ ሳፋው ጉሮሮውን ጠርጎ ገባ።

«ምንድን ነው የሚንጠባጠበው?» አለ ሙራድ።

ሀጂራ የእናቷን የሠርግ ድስት አየች።

«ማር ነው» አለች። «የአባባ ማር ነው፣ ጋሼ። ጋኖቹ እየሞሉ ነው።»

ሙራድ ስልኩን አልዘጋም፤ ትንፋሹ ይሰማል። ሀጂራ ስልኩን ከድስቱ አጠገብ ወለሉ ላይ አስቀመጠችውና የሞላውን ሳፋ ልትደፋ ተነሣች።